ሞትን ማሰብ ሟርት ነውን?

ጥያቄ፦ «አባቴ ባለፈው ዓመት በድንገት ዐረፉ። በመሬት ክፍፍል ምክንያት ተቀያይመን ስለ ነበር ሳንታረቅ ተለያየን፤ ከወንድሜም ጋር እስከ ዛሬ አንነጋገርም። ከዚያ ወዲህ ሞትን ማሰብ አልተወኝም። ዘመዶቼ ‹ሟርት ነው፥ ተዪው› ይሉኛል። እኔም ለሙት ዓመታቸው ሰፊ ድግስ ደግሼ ነፍሳቸውን ለመካስ ገንዘብ እያጠራቀምሁ ነው። ሞትን ማሰብ ስሕተት ነውን? ሳይጸጸቱ ለመኖርስ ምን ማድረግ ይገባል?»

መልስ፦ እኅቴ፥ እግዚአብሔር የአባትዎን ነፍስ በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ እርስዎንም ያጽናናዎ።

ሞትን ማሰብ ሟርት አይደለም፤ ሞት ስላሰብነው አይፈጥንም፥ ስለ ረሳነውም አይዘገይም። በአገልግሎቴ ደጋግሜ ያገኘሁት ስሕተት ግን ከዚህ ይለያል። ብዙ ምእመናን ሞትን አስባለሁ ሲሉ የሚያስቡት ቀብራቸውን ነው። የዕድር መዋጮ አያቋርጡም፤ የሚቀበሩበትን ደብር ይመርጣሉ፤ ለተዝካራቸው የሚሆነውንም ገንዘብ ለልጆቻቸው አደራ ይሰጣሉ። ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች ከአጥር ጎረቤታቸው ጋር ለዓመታት ሳይነጋገሩ ይኖራሉ፤ ንስሐውንና ቅዱስ ቁርባኑንም «ስሸመግል ይደርሳል» ብለው ያቆዩታል። ከሞቱ በኋላ ሌሎች የሚያደርጉላቸውን በጥንቃቄ አዘጋጅተው፥ ከመሞታቸው በፊት ከእነርሱ በቀር ማንም ሊያደርግላቸው የማይችለውን ይተዉታል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተነገረለት ባለጠጋ የተገሠጸው እርሻው ስላፈራለት አይደለም፤ ነፍሱን «ለብዙ ዘመን» እያለ አስተማምኗት ነበርና «በዚህች ሌሊት» የሚል ቃል መጣበት።

ቅዱስ አትናቴዎስ እንደ ጻፈልን፥ አባ እንጦንስ መነኮሳቱን ሲመክር፥ ማለዳ ስንነሣ እስከ ማታ እንደማንቆይ፥ ማታም ስንተኛ እንደማንነሣ አድርገን እንኑር ይል ነበር። ምክንያቱንም ሲገልጽ፥ እንዲህ የሚኖር ሰው በማንም ላይ ቂም አይይዝም፥ ሁሉን ይቅር ይላል ብሏል። ልብ ይበሉ፤ ሞትን የማሰብ ፍሬ ፍርሃትና ትካዜ ሳይሆን ዕርቅ መሆኑን ነው የነገረን። ዕለት ዕለት ሞቱን ሲጠብቅ የኖረው ይህ አባት ዕድሜው 105 ዓመት እስኪሆን በሥራና በጸሎት ቆይቷል። በእኛም ቤተ ክርስቲያን መነኵሴ ሲመነኵስ ገና በሕይወቱ ሳለ ጸሎተ ፍትሐት ይደርስለታል፤ ከዚያ ተነሥቶ ግን ወደ እርሻው፥ ወደ ማዕድ ቤቱ፥ ወደ ማኅበሩ አገልግሎት ይሄዳል እንጂ ተኝቶ ሞትን አይጠብቅም። «ሕይወት አጭር ናትና ያማረህን ሁሉ አድርግ» የሚለው የዘመኑ ምክር ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ አስቀድሞ «ነገ እንሞታለንና እንብላና እንጠጣ» ብሎ የነቀፈው ነውና ብዙ አልመለስበትም።

አሁን ወደ ራስዎ ጉዳይ ልመለስ። ለአባትዎ ጸሎት ማስደረግዎ ተገቢ ነው። የክርስትና ስማቸውን ለካህን ሰጥተው በቅዳሴ እንዲታሰቡ ያድርጉ፤ ስለ እርሳቸውም ይመጽውቱ። ይሁን እንጂ ተዝካር ያልታረቁትን ሰው መካሻ ተደርጎ አይታሰብ። ከደገሱም፥ ጌታ እንዳዘዘው ብድር ሊመልሱ የማይችሉትን ድሆች ይጥሩ እንጂ ጠግበው የሚመጡትን አይቍጠሩ። የድግሱ ስፋት የእርስዎን ኀዘን ለሰው ያሳይ ይሆናል፤ የአባትዎን ነፍስ ግን በበሬው ቍጥር አይጠቅማትም።

ከጥያቄዎ ሁሉ ያስጨነቀኝ በአንድ ሐረግ ያለፉት ነገር ነው፤ ወንድምዎ። በአባትዎ ላይ የደረሰውን እያለቀሱበት፥ ያንኑ በወንድምዎ ላይ እየደገሙት ነው። እርሱም ሟች ነው፥ እርስዎም እንዲሁ። ጸጸት ብቻውን አያድንም፤ ይሁዳም ተጸጽቶ ነበር፥ ነገር ግን ጸጸቱን ብቻውን ይዞት ሄደ። ጴጥሮስ ግን መራራ ልቅሶ አልቅሶ ከወንድሞቹ ጋር ቆየ፥ የተነሣውንም ጌታ ለማየት በቃ። ቅዱስ ጳውሎስ «ጸጸት የሌለበት ንስሐ» (2ኛ ቆሮ. 7፥10) ያለው ወደ እግዚአብሔርና ወደ ወንድም የሚመልሰውን ነው። ስለ አባትዎ የሚያዝኑትን ኀዘን ለንስሐ አባትዎ በግልጽ ይናዘዙ፤ የሚሰጡዎንም ቀኖና ተቀብለው ይፈጽሙ፤ ከዚያ በኋላ ራስዎን ሲወቅሱ አይኑሩ።

ስለዚህ የማዝዝዎ ነገር ቀላል አይደለም፥ ግን ግልጽ ነው። መባዎን በመሠዊያው ፊት ትተው አስቀድመው ከወንድምዎ ጋር ይታረቁ ዘንድ ጌታ አዝዟል (ማቴ. 5፥23–24)፤ የሙት ዓመቱንም ድግስ ከዚህ አያስቀድሙት። ንስሐ አባትዎንና ሁለታችሁም የምታከብሯቸውን አንድ ሽማግሌ ይዘው ወደ ቤቱ ይሂዱ። ስለ መሬቱ ክርክር አይጀምሩ፤ እርሱን ሽማግሌዎች በሌላ ቀን ይዩት። ይቅርታውን ይጠይቁ፥ ጥፋቱ የእርሱ ቢመስልዎትም እንኳ። እምቢ ቢል ከእርስዎ የሚፈለገው በእርስዎ በኩል ያለው ነውና (ሮሜ 12፥18) በጸሎት እያሰቡት በሌላ ጊዜ ደግመው ይሂዱ። እሺ ካለ ደግሞ ተዝካሩን ሁለታችሁ በአንድነት አድርጉት፤ ትንሽም ቢሆን ይበቃል።