የመመረቂያ ጽሑፍና ምህጻረ ቃል፦ መጀመሪያ ዓመቶቹን እዪ

እህቴ፣ የማስተርስ ጥናትሽን በአማርኛ እየጻፍሽ የቱን ማሳጠር፣ የቱን በሙሉ መጻፍ እንዳለብሽ ጠይቀሻል። የተማሪ ጥናት ሳነብና ሳርም ስለኖርኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ኤት አል (et al.)፣ ማለትም ደራሲዎቹ ሲበዙ የቀሩትን ስሞች ስለሚተካው አጭር ቃል ነው። ጥናት የሚያበላሸው ግን የተዘለለ «እ.ኤ.አ.» ነው። አብዮቱን ውሰጂ። የፈነዳው የካቲት 1966 ዓ.ም. ነው፣ ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፤ በፈረንጆቹ ሁለቱም 1974 ናቸው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ስለሆነ፣ የታተመበትን ወር የማታውቂውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወደ ዓ.ም. ልለውጥ አትበይ፤ ዓመቱን እንዳለ ተዪውና እ.ኤ.አ. ጨምሪበት። ምልክት የሌለው 1974 አንባቢውን ደርግ ዘመን መሀል ይከተዋል። ከማስረከብሽ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ «19» እና «20» ብለሽ ፈልጊና እያንዳንዱን ዓመት እዪ።

የተቋም ስም መጀመሪያ ሲመጣ በሙሉ ይጻፋል፣ ምህጻሩ በቅንፍ ይከተላል፣ ከዚያ በምህጻሩ ብቻ ትቀጥያለሽ። አንዴ ሁለቴ ለሚመጣ ነገር ግን አትፍጠሪ። «አንብቦ የመረዳት ችሎታ»ን «አ.መ.ች.» እያለ ጥናቱን የጨረሰ ተማሪ አጋጥሞኛል። ሦስት ቃል ለመቆጠብ አንባቢውን በየገጹ ወደ ምህጻረ ቃላት ዝርዝር መመለስ በጣም ያሳዝናል። ተ.መ.ድ.ን ማንም ያውቀዋል፣ አ.መ.ች.ን ማን ያውቃል?

«ት/ቤት»፣ «ትም/ቤት»፣ «ትምህርት ቤት» አንድ ገጽ ላይ አይቀላቀሉ። እኔ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሙሉውን እመርጣለሁ፤ በእዝባር (/) ያጠረው ለሠንጠረዥ ይሁን።

ኤት አልን በተመለከተ፣ አማርኛ ላይ «እና ሌሎች» በቂ ነው። አማካሪሽ የኤ.ፒ.ኤ.ን (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር የአጻጻፍና የአጠቃቀስ መመሪያ) ሰባተኛ እትም ተከተዪ ካሉሽ፣ ደራሲዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ከመጀመሪያው ጥቅስ ጀምሮ የአንዱን ስም ጽፈሽ «እና ሌሎች» ትያለሽ። በስድስተኛው እትም ከሦስት እስከ አምስት ሲሆኑ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይዘረዘሩ ስለነበር፣ የድሮ ጥናት አይተሽ እንዳትገለብጪ። «ዝኒ ከማሁ»ን፣ ማለትም «ምንጩ ከላይ የተጠቀሰው ነው» የሚለውን፣ ኤ.ፒ.ኤ. አይጠቀምበትም፤ በግርጌ ማስታወሻ ለሚጽፉት ለሕግ ሰዎች ተዪላቸው።

አህጽሮተ ጥናትሽ ላይ ምህጻረ ቃል ባይኖር ይሻላል። የግድ ከሆነ ግን እዚያም በሙሉ ጻፊው፣ ምዕራፍ አንድ ላይም እንደ አዲስ በሙሉ አስተዋውቂው።