«ቀዶ» ያልነው ሐኪም ጥገናውን የት ጣለው?

ባለፈው ጣና ዳር ቡና ይዘን ተቀምጠን ሳለ አንድ ኢንተርን፣ ማለትም በሆስፒታል ልምምድ ላይ ያለ የሕክምና ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ሰርጅንን በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ?» አለኝ። «ቀዶ ሐኪም» አልኩት። ፊቱን አጨማደደ። «ምነው፣ ልብስ ቀዳጅ አስመሰላችሁት!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ስለዚህ ይቺን ለእሱና ለእኩዮቹ ጻፍኩ፤ በተለይ ሰርጀሪ (ቀዶ ጥገና) ልግባ ወይስ ይቅርብኝ እያላችሁ ለምታመነቱ።

ሙሉ ስሙ «የቀዶ ጥገና ሐኪም» ነው። መቅደድ አለ፣ መጠገን አለ። ምላሳችን ሰነፍ ነውና ማሳጠር እንወዳለን፤ ስናሳጥር ደግሞ ሁሌም የምንጥለው ጥገናውን ነው። ቀዶ ሐኪም፣ ቀዶ ሕክምና፣ ቀዶ ክፍል እያልን ቀረን። «ቀዶ ጠጋኝ» የሚሉም አሉ፤ ለእኔ ጆሮ ደስ የሚለው እሱ ነው። ፈረንጆቹ ቃላቸውን ያመጡት ከግሪክ ነው፤ ሥሩ «የእጅ ሥራ» ማለት ነው። እጁ ምን እንደሚሠራ ግን አይናገርም። የኛው ይናገራል። ባላገሩ በዚህ ሁሉ አይጨነቅም፤ «ኦፕራሲዮን» ብሎ ይገላገላል።

«ሐኪም» የሚለውማ ድሮ ራሱን የቻለ ማዕረግ ነበር። ሐኪም ወርቅነህን አስታውሱ። ጎንደር የተወለደ ልጅ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በእንግሊዝ ጦር ተወስዶ ሕንድ አደገ፤ ሕክምና ተምሮ አገሩ ሲመለስም «ሐኪም» እስከ ዕድሜው ማብቂያ ከስሙ ፊት ቀረ። ዛሬ «ዶክተር» ቦታውን ወስዶበታል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ካርድ ክፍል ያለውን ልጅ ሳይቀር አስታማሚዎች «ዶክተርዬ» እያሉ ሲለምኑት ሰምቻለሁ። እንግሊዝ አገር ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ እስከ ዛሬ «ሚስተር» ነው የሚባለው። ልማዱ የመጣው ድሮ ቀዶ ሐኪሞች ከፀጉር አስተካካዮች ጋር አንድ ማኅበር ውስጥ ከነበሩበት ዘመን ነው፤ የተለያዩት እንደ ፈረንጆቹ በ1745 ነው። አያፍሩበትም፣ እንዲያውም ይኮሩበታል።

ለማዕረግ የምትቸኩሉ ካላችሁ የማሚቱ ጋሼን ታሪክ ፈልጋችሁ አንብቡ። ፊስቱላ፣ ማለትም በምጥ መጓተት የሚመጣና ሽንት የሚያፈስ ቀዳዳ፣ ይዟት በታካሚነት የገባች፣ ፊደል ያልቆጠረች የገጠር ልጅ ነበረች። ከሐኪሞቹ ጎን ቆማ እጃቸውን እያየች ተማረች፤ በኋላ ራሷ ሌሎች ሴቶችን የምትጠግን ሆነች፣ ለንደን ያለው የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅም በ1989 እንደ ፈረንጆቹ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጣት። እዚሁ ባሕር ዳር የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ብትገቡ የምታዩት ሥራ ከሞላ ጎደል ጥገና ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ከዘጌ በኩል አንድ ዓሣ አስጋሪ አዛውንት መጡ። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ትልቁ አንጀት ታችኛው ክፍሉ ሲረዝም በራሱ ላይ ይጠመዘዛል፤ እኛ አገር ብዙ የምናየው በሽታ ነው። በቱቦ አየሩን አስወጣንላቸው፣ ሆዳቸው ሟሸሸ፣ ተሻላቸው። ይሁንና ይሄ ነገር ተመልሶ መጠምዘዝ ልማዱ ስለሆነ የረዘመውን መቁረጥ ያስፈልጋል። ጠዋት ታካሚዎችን እየዞርን በምናይበት ራውንድ ላይ ቆሜ «አባቴ፣ ነገ ሆድዎ ይከፈታል፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» አልኳቸውና ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፍኩ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ሌሊት ጠፉ። አልጋቸው ስር አንድ ባዶ ሃይላንድ ብቻ ቀረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በቃሬዛ ተመለሱ። አንጀታቸው ጠቁሮ ነበር። የጠቆረውን ቆርጠን አወጣን፤ የቀረውን ጫፍ በዚያ ሰዓት መቀጠል ስለማይቻል ለጊዜው በሆዳቸው በኩል አወጣነው። በአንድ ኦፕራሲዮን የሚያልቀው ሁለት ሆነ። ሲያገግሙ ለምን እንደጠፉ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እከፍታለሁ አልከኝ እንጂ እዘጋለሁ መች አልከኝ?» አሉ።

ሆድ ማለት ለሀገራችን ሰው ምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። ምስጢሩም፣ ቂሙም፣ ናፍቆቱም እዚያ ነው ያለው። አንድ ጎረምሳ ቆሞ «ይከፈታል» ሲላቸው መጥፋት ሲያንሳቸው ነው። ስለዚህ እባካችሁ ከማስፈረማችሁ በፊት ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። የምትቆርጡትን ስትናገሩ የምትሰፉትንም አብራችሁ ተናገሩ። በምን እንደምትሰፉት፣ ስንት ቀን እንደሚያም፣ መቼ እህል እንደሚቀምሱ ሁሉ። አምስት ደቂቃ ነው።

ለሁለተኛው ኦፕራሲዮን እንዲያ አደረግኩ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ከመክፈት እስከ መዝጋት ነገርኳቸው። «ክሩ ምንድን ነው?» አሉኝ። ናይሎን ነው አልኳቸው። ቀና አሉ። «የኔም መረብ እኮ ናይሎን ነው!» ትራፊ ክር አምጥቼ የአልጋው ብረት ላይ ቋጠሮዬን አሳየኋቸው፤ ሦስት ጊዜ ደራርቤ። በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳብ ሲያደርጉት ሸርተት አለ።

«ናይሎን ከዳተኛ ነው» አሉ። «አምስት አድርገው።»

በማግስቱ ሆዳቸውን ስዘጋ አምስት አደረግኩት።