ጨረቃ ስትሞላ እራት የለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቤይሩት ሰው ቤት ነው የምሠራው። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ስሪላንካዊት ናት፣ ቡድሂስት። በወር አንድ ቀን ነጭ ትለብስና ምሳዋን በጊዜ በልታ፣ ማታ ብለምናት እህል የሚባል አትቀምስም። እኔ ረቡዕና ዓርብ ስጾም ደግሞ ቁርስ ብዪ እያለች ትጨቀጭቀኛለች! የእሷ የምን ጾም ነው? በዓል ከሆነስ እንኳን አደረሰሽ ብላት ነውር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለታችሁም ጿሚ ናችሁ፣ ሰዓታችሁ ነው የተገለባበጠው። አንቺ ጠዋቱን ታልፊና ከ6 ወይም ከ9 ሰዓት በኋላ ትበያለሽ። እሷ ጠዋት በልታ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ እስኪነጋ ምግብ የለም። ውኃና ወተት የሌለው ሻይ ግን ትጠጣለች፣ ስለዚህ ማታ እሱን አፍዪላት እንጂ በእራት አታስጨንቂያት።

ቀኑ በእነሱ አገር ፖያ ይባላል፣ ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበት ነው። ስሪላንካ ውስጥ እያንዳንዱ ፖያ የመንግሥት በዓል ነው። በዓመት 12፣ አንዳንዴም 13 ይሆናል ማለት ነው፤ መሥሪያ ቤት ይዘጋል፣ መጠጥና ሥጋ መሸጥም ክልክል ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1966 ቅዳሜና እሁድን ትተው ሳምንታዊ ዕረፍታቸውን ከጨረቃዋ ጋር አስኪደውት ነበር፤ ዓለም ሁሉ እሁድ ዘግቶ እነሱ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ሲዘጉ ንግዱ አልገጥም አለና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ እሁድ ተመለሱ።

በዚያ ቀን አጥባቂ የሆነ ሰው ስምንት ነገር ለመጠበቅ ቃል ይገባል። አለመግደል፣ አለመስረቅ፣ አለመዋሸት፣ አለመስከር፣ ከሩካቤ መራቅ፣ ከቀትር በኋላ አለመብላት፣ ዘፈንና ጌጥ ሽቶም መተው፣ ለስላሳና ከፍ ባለ አልጋ አለመተኛት። ጓደኛሽ መሬት ላይ አንጥፋ ስትተኛ ካየሻት አኩርፋ አይደለም። ሥጋና ወተት መተው ግን ከስምንቱ ውስጥ የለም፣ ብዙዎች በፈቃዳቸው ቢተዉትም። በዚህ በኩል የእኛ ጾም ይከብዳል (አዳላሁ መሰለኝ)።

እንኳን አደረሰሽ በያት፣ ምንም ነውር የለውም። ደስ የሚላት ደግሞ በግንቦት የሚውለው ቬሳክ ነው፣ ከፖያዎቹ ሁሉ ትልቁ። ቡድሃ የተወለደው፣ እውነት የተገለጠለትና ያረፈው በዚያው በአንድ ሙሉ ጨረቃ ቀን ነው ብለው ያምናሉ። መንገዱ በወረቀት ፋኖስ ያሸበርቃል፣ ሰው ዳስ ጥሎ ለአላፊ አግዳሚው በነጻ ያበላል፤ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እዚያ ቤይሩት ፋኖስ መስቀል ባትችል እንኳ በቀኑ አስታውሰሽ ምሳዋን ቀደም አድርገሽ ብታቀርቢላት ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ዕቃ ለማምጣት ባንኮክ ልሄድ ነው። በበዓል ቀን ቢራ አይሸጥም አሉኝ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነትነት አለው ወንድሜ፣ ግን ታይላንድ ውስጥ በዓመት አምስት ቀን ብቻ ነው፣ እንደ ስሪላንካ በየወሩ አይደለም። ሦስቱ በየካቲት፣ በግንቦትና በሐምሌ አካባቢ የሚውሉ የሙሉ ጨረቃ በዓላት ናቸው፤ የቀሩት ሁለቱ መነኮሳቱ ለክረምቱ ሦስት ወር ገዳማቸው የሚከቱበትና የሚወጡበት ቀን። እ.ኤ.አ. በ2025 ሕጉ ላላ ብሎ በሆቴልና በዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ መሸጥ ተፈቅዷል። ሱቅ ግን አይሸጥልህም፣ አትከራከር። ደረሰኝህ ላይ ከ2560 በላይ የሆነ ዓመት ካየህ ደግሞ ማሽኑ አልተበላሸም፤ የእነሱ ዘመን ከፈረንጁ በ543 ዓመት ይቀድማል።