የመሬት መንሸራተት በተራራማ አካባቢዎች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ተመሳሳይ ዝናብ እየዘነበባቸው አንዱ ተዳፋት ሲናድ ሌላው ጸንቶ የሚቆመው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በተዳፋት ላይ ያለን አፈር የራሱ ክብደት ቁልቁል ይስበዋል፤ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ሰበቃና መያያዝ ደግሞ ባለበት ያቆየዋል። ውሃ ሲሰርግ አፈሩን ከማክበዱም በላይ ክፍተቶቹን ሞልቶ ቅንጣቶቹን ስለሚገፋቸው ሰበቃው ይዳከማል። ውሃ የሚያሳልፍ ልል አፈር ውሃ በማያሳልፍ አለት ወይም ሸክላ ላይ ተነጥፎ ከሆነ፣ ውሃው በሁለቱ መካከል እየተጠራቀመ የላይኛውን ንጣፍ ለመንሸራተት ያዘጋጀዋል። ድንገተኛ ዶፍ አብዛኛውን ጊዜ ስስ የሆነውን የላይ አፈር ሲያንሸራትት፣ ለሳምንታት የከረመ ዝናብ ግን ጥልቁን ክፍል ሊያነቃንቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ያለ ዝናብስ ይደርሳል?

መልስ፦ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1970 በፔሩ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከሁዋስካራን ተራራ በረዶና አለት ገምሶ የዩንጋይን ከተማ ቀብሯል። ወንዝም የተዳፋቱን ግርጌ ሸርሽሮ ድጋፍ ያሳጣዋል።

ጥያቄ፦ በእኛ ተዳፋት ላይ የነበረው ደን ከተመነጠረ ሁለት ዓመት ቢሆነውም አፈሩ አልተነቃነቀም። ስጋቱ የተጋነነ አይደለም?

መልስ፦ ብዙዎችን የሚያዘናጋው ይኸው ነው። ዛፉ ቢቆረጥም ሥሩ ወዲያው አይበሰብስም፤ ለጥቂት ዓመታት አፈሩን እንደ መረብ ይዞ ይቆያል። አሮጌው ሥር በስብሶ አዲሱ ገና ሳይጠነክር ያለው ጊዜ እጅግ አደገኛው ነው። ስለዚህ እስካሁን አለመናዱን እንደ ዋስትና አትቁጠሩት፤ ዛሬውኑ መትከል ጀምሩ።

ጥያቄ፦ ከምንጣሮ ሌላ የሰው ድርሻ ምንድን ነው?

መልስ፦ ለመንገድ ወይም ለቤት ሲባል ግርጌውን መቁረጥ፣ የተቆፈረውን አፈር ከጫፍ ላይ መከመር፣ የሚያፈስ ቦይን ሳይጠግኑ መተው። የውሃ ማጠራቀሚያም ጎን ያለውን ተዳፋት ሊያዳክም ይችላል፦ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1963 በጣሊያን ቫዮንት ከ260 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የሆነ የተራራ ክፍል ወደ ግድቡ ሐይቅ ተንዶ የፈጠረው ማዕበል ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎችን ገድሏል። ግድቡ ራሱ አልፈረሰም፤ የተንቀሳቀሰው ተራራው ነበር። ተዳፋቱ ከዚያ በፊት ሲንቀሳቀስ በመለኪያ መታየቱን ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ አስቀድሞ የሚታይ ምልክት አለ?

መልስ፦ ሁልጊዜ ባይሆንም አለ፤ ከቤት በላይ ባለው መሬት ላይ የቀስት ቅርጽ ያለው አዲስ ስንጥቅ፣ ይዘጋ የነበረ በር በድንገት መጣበቁ፣ ጠርቶ የሚፈልቅ ምንጭ መደፍረሱ። እነዚህን ያየ ሰው ንብረት ሳይሰበስብ፣ በናዳው አቅጣጫ ቁልቁል ሳይሆን ወደ ጎን ይራቅ። ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ የቀረው ክፍል እንደገና ሊናድ ስለሚችል፣ ለነፍስ አድን ሥራም ቢሆን ከላይ ያለውን ተዳፋት የሚከታተል ሰው ሳይመደብ አይገባም።