ድምፅ እያለው ስክሪኑ ለጨለመብህ ወንድሜ

ሰላም የፍኖተ ሰላሙ ወንድሜ። ጥያቄህን ያየሁት ማታ ሻይ ቤቴን ዘግቼ ስገባ ነው። ባለ 43 ኢንች ፍላት ቲቪ፣ ገና 2 ዓመቱ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ድምፁ አለ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። ከዚያ በፊትም በግራ በኩል አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ነበረችው። ጠጋኙ «ስክሪኑ ሞቷል፣ አዲስ ብትገዛ ይሻልሃል» አለህ። አንተም «ልመነው ወይ? የምገዛ ከሆነስ የትኛው ማርክ ነው የማያሳፍረኝ?» ብለሃል።

እኔ ጠጋኝ አይደለሁም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ሻይ ቤት አለችኝ። ቲቪው ከጧት እስከ ማታ አይዘጋም። ቅዳሜና እሁድ ኳስ ሲኖርማ ተወው። እስካሁን 4 ቲቪ ቀብሬያለሁ። ሁለቱ መቀበር አልነበረባቸውም፤ ያንን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው።

አዲስ ስለመግዛት ከማሰብህ በፊት ዛሬ ማታ ይህን አድርግ። ቲቪውን ክፈትና ድምፅ ያለው ጣቢያ ላይ ተወው። የቤቱን መብራት ሁሉ አጥፋ። የስልክህን ባትሪ አብራና ወደ ስክሪኑ አስጠጋው፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን አጋድመህ። ቀስ እያልህ አንሸራትተው። ደብዛዛ ነገር ሲንቀሳቀስ፣ የሰው ፊት ወይም የጣቢያው አርማ ጥግ ላይ ካየህ ስክሪንህ በሕይወት አለ። የጠፋው ከኋላው ያለው መብራት ነው፤ ባክላይት የሚሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየቤታችን ያለው ኤልኢዲ የምንለው ቲቪ ስክሪኑ ራሱ ብርሃን የለውም። እንደ ባለ ቀለም የመስኮት መስታወት ነው፤ ከኋላው ብርሃን ሲበራበት ነው የሚታየው። ብርሃኑን የሚሰጡት ቀጫጭን ዘንግ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ አምፖሎች ናቸው። አምፖሎቹ ደግሞ እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር የተሰኩ ናቸው። አንዷ ስትቃጠል ክሩ ይበጠሳል፣ ሌሎቹም አብረው ይጠፋሉ። አንዳንዱ ቲቪ ሲከፈት ለአንድ ሰከንድ ቦግ ብሎ እልም ይላል፣ ድምፁ ግን ይቀጥላል። ያም አብዛኛውን ጊዜ የዚሁ በሽታ ነው፤ ቲቪው ጉድለቱን አይቶ ራሱ እየቆረጠው ነው።

የመጀመሪያው ቲቪዬ ልክ እንዳንተው ሆኖ ነበር። ጠጋኙ አይቶ «አልቋል» አለኝ። ለመለዋወጫ ይሆነኛል ብሎ እዚህ ግባ በማይባል ብር ወሰደው። እኔም ሸክም የቀነሰልኝ መስሎኝ አመስግኜ ሸኘሁት። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ፀጉር ቤት ገብቼ ቀና ብል ያው ቲቪ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይሠራል። ጥጉ ላይ የነበረችው ጭረት እንኳ እንዳለች ናት። ፀጉሬን ሳልቆረጥ ወጣሁ። የባትሪውን ዘዴ ያሳየኝ ኋላ አንድ ተማሪ ደንበኛዬ ነው፤ ሁለተኛው ቲቪ ሲጨልም፣ ማኪያቶውን እየጠጣ።

ያንተ መብራት ሲመለስ የተበላሸ ስለሆነ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ አምፖሎቹ ተቃጥለዋል፣ ወይ አምፖሎቹን የሚመግበው ፓወር ቦርዱ ተመቷል። ይህን ጠጋኙ በቴስተር ለክቶ ይለያል። ሳይለካ፣ ጀርባውን ሳይከፍት «ስክሪኑ ሞቷል» ካለህ ሌላ ሰው ፈልግ። አንተ ግን አትክፈተው። ፓወር ቦርዱ ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፣ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ለጊዜው ሊይዝ ይችላል።

ባክላይት የምታሠራ ከሆነ ሁለት ነገር ተናገር። አንደኛ፣ የተቃጠለችውን አምፖል ብቻ ሳይሆን ዘንጎቹን በሙሉ ይቀይርልህ። ሌሎቹም እኩያዎቿ ናቸው፣ ተራቸውን ነው የሚጠብቁት። ሁለተኛ፣ ስክሪኑን ሁለት ሰው ሆነው ያንሱት። ሁለተኛው ቲቪዬ የተቀበረው በዚህ ነው። ሠራተኛው ብቻውን ነበር። «ላግዝህ» አልሁት፣ «ለምጄዋለሁ» አለኝ። ከፊቱ ያለው መስታወት ሲወጣ እንደ እንጀራ የሚለመጥ ስስ ነገር ነው። በአንድ ጥግ ይዞ ቀና አደረገው። «ቀጭ» አለ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ «ድሮም ስንጥቅ ነበረው» አይለኝም!

ሲሠራልህ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ባክላይቱን ቀንሰው። ብዙ ቲቪ ከሱቅ ሲወጣ እንዲያበራ ተደርጎ ነው፤ 100 ወይም ወደዚያ የተጠጋ ታገኘዋለህ። ወደ 50 ወይም 60 አውርደው። ለቤት ይበቃል፣ አምፖሎቹም ሙቀት ይቀንስላቸዋል። ነጭ የነበረው ምስል እየዋለ እያደረ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ እየሆነ ከሄደም ምክንያቱ አምፖሎቹ መድከማቸው ነው። እንደ ሳንቲም ክብ ክብ ነጭ ነጠብጣብ ካየህ ደግሞ ከአምፖሎቹ ላይ ብርሃኑን የምትበትነው ትንሿ ክዳን ወድቃለች። ሁለቱም ይሠራል።

ወደ አረንጓዴዋ መስመር ልምጣ። መስመር ሲመጣ መጀመሪያ ሪሞቱ ላይ ሜኑ ተጫን። የቲቪው የራሱ ሜኑ ሲወጣ መስመሩ በላዩ ላይ ካለፈ ችግሩ ከራሱ ከቲቪው ነው። ሜኑው ንጹሕ ሆኖ ከኋላ ያለው ምስል ብቻ ከተበላሸ ሪሲቨሩን፣ ገመዱን ወይም ዲሹን ፈትሽ። ምስሉ እንደ ዳማ ሰሌዳ አራት ማዕዘን እየሆነ የሚቆራረጠውማ የሲግናል ነገር ነው፤ በክረምት ደመና ሲከብድ ሁላችንም ጋ አለ። ስንት ሰው በዚህ ቲቪውን ተሸክሞ ጠጋኝ ቤት ሲሄድ አይቻለሁ መሰለህ!

ያንተ ግን ከላይ እስከ ታች የወረደች ቋሚ መስመር ናት፣ ቀለሟም አይቀየርም። እንዲህ ያለችው ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ የተለጠፉት ስስ ሪባኖች ሲላቀቁ ነው የምትመጣው። ሪባኑን መልሶ የሚለጥፍ ማሽን አለ፤ በየከተማው ግን አይገኝም። አንዳንዱ ጠጋኝ ወረቀት አጥፎ ጠርዙ ላይ ይወትፍልህና መስመሩ ይጠፋል። ወር ቆይቶ ይመለሳል። እኔ ብሆን ለአንድ ቀጭን መስመር አልከፍልም። ሻይ ቤቴ ያለው አሁንም አንድ አለው፤ ደንበኞቼ ለምደውታል፣ ኦፍሳይድ የሚለኩበት እሱ ነው። መስመሩ ከበዛ ወይም ግማሹን ስክሪን ከያዘው ግን ባክላይቱን ሳታሠራ አስብበት፤ ብሩን ውኃ ሊበላው ይችላል። ስክሪኑ ሙሉ ለሙሉ ከነጣ ወይም ቀለሙ እንደ ፎቶ ኔጋቲቭ ከተገለበጠ ቲኮን የምትባል ትንሽ ቦርድ አለች፣ እሷን ወይም ገመዷን አስፈትሽ። እንደ ሸረሪት ድር ተሰንጥቆ ጥቁር ቀለም የፈሰሰበት ከሆነ አበቃ፣ ሳንቲም አታውጣ።

ሦስተኛው ቲቪዬ እንዲህ ነው የሆነው። ከመርካቶ 50 ኢንች ገዛሁና አይሱዙ ላይ ጫንሁት። አራግፈው ሲጭኑ ቦታ ጠበበና በጀርባው አስተኙት፣ ላዩ ላይ ጆንያ ደረቡበት። እንደዚያ ሆኖ አባይ በረሃን ወርዶ ወጣ። ደጀን ሲደርስ ሹፌሩ ደውሎ «ዕቃህ ደህና ነው» አለኝ። ካርቶኑም ደህና ነበር። ስከፍተው ግን መሀሉ ላይ ቀለም እንደተደፋበት ወረቀት ጠቁሯል። ሻጩ «ከሱቅ ከወጣ አያገባኝም» አለ። ፍላት ቲቪ ቆሞ ነው የሚጓዘው፣ እንደ መስኮት። ከአዲስ አበባ የምታስመጣ ከሆነ ወይ አንተው አብረህ ሂድ፣ ወይ ከዚሁ ግዛ።

እንግዲህ የትኛውን ልግዛ ላልኸው፣ ማርክ ከመጠየቅህ በፊት ፍኖተ ሰላም ያሉ ሁለት ሦስት ጠጋኞች ጋ ሂድና «ለየትኛው ቲቪ መለዋወጫ ታገኛላችሁ? ለየትኛውስ ታጣላችሁ?» በላቸው። ለእኔ ጥሩ ቲቪ ማለት ሲበላሽ ባለሁበት ከተማ የሚሠራ ነው። ዋስትና አለው ሲሉህም የት እንደሆነ ጠይቅ። አዲስ አበባ ከሆነ ስክሪን ታቅፈህ በአውቶቡስ ልትመላለስ ነው። በጣም ቀጭን የሆነውንም አልወደውም። ብዙዎቹ አምፖሎቻቸው ጠርዝ ላይ ብቻ ተጨናንቀው የተደረደሩ ናቸው። ትንሽ ሆድ ያለው፣ አምፖሎቹ ከኋላ የተበተኑበት ይሻላል።

ስም አትፍራ፣ ስምም አትመን። የታወቀ ማርክ ስም የተለጠፈበት ፌክ ሞልቷል። አንድ ቀላል መለያ ልንገርህ። ሳምሰንግ ስማርት ቲቪ የሚሠራው ታይዘን በሚባል የራሱ ሲስተም ነው፣ ኤልጂ ደግሞ በዌብኦኤስ። «ሳምሰንግ» የተጻፈበት ቲቪ ተከፍቶ የአንድሮይድ ገጽ ካመጣ ዘወር በልለት። ከኋላ ያለው የሞዴል ቁጥርና ሴቲንግ ውስጥ ያለውም አንድ መሆን አለበት። ኢንቹንም ሜትር ይዘህ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ለካ፤ 43 ኢንች ወደ 109 ሴንቲ ሜትር ነው። የምትለካው ካርቶኑን ሳይሆን ስክሪኑን ነው።

«ፎርኬ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ስክሪኑ 3840 በ2160 ነጥብ (ፒክስል) ካልሆነ ፎርኬ አይደለም። ካርቶኑ ላይ «ፎርኬ ይደግፋል» ካለ ፋይሉን ይከፍተዋል ማለት ሊሆን ይችላል እንጅ ስክሪኑ ያንን ያሳያል ማለት አይደለም። ኪውኤልኢዲ የሚሉትም ባለ ባክላይት ነው፣ ቀለሙ ይደምቃል እንጅ ከዚህ በሽታ አያመልጥም። ኦኤልኢዲ ባክላይት የለውም፣ ምስሉም ልብ ይሰርቃል። ግን አንድ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ሲከፈትበት አርማው ስክሪኑ ላይ ታትሞ ሊቀር ይችላል። እናቴ አንዱን ጣቢያ ከጧት እስከ ማታ የማይቀይሩ ሰው ናቸው፤ ለእሳቸው አልገዛም።

ሱቅ ስትሄድ በፍላሽ ባዶ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል ይዘህ ሂድ። ነጩ ላይ ጥላና ጥቁር ነጥብ ትፈልጋለህ፣ ጥቁሩ ላይ ደግሞ ከጥግ የሚያፈስ ብርሃን። ወደ ጎን ዞረህም እየው፤ አንዳንዱ ከጎን ሲታይ ፊቱ ይገረጣል። ግማሽ ሰዓት ይከፈትልህ። ሻጩ ፊቱን ቢያጨማድድ ግድ የለህም፣ ብሩ ያንተ ነው።

አዲስም ይሁን የተሠራ፣ መብራቱ ያው መብራታችን ነው። ቲቪው ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፣ ስለዚህ መብራት መድከሙ ያን ያህል አይጎዳውም። የሚገድለው ሲመለስ እመር ብሎ የሚመጣው ነው። ቮልቴጅ ሲዛባ የሚቆርጥ፣ መብራት ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ መከላከያ ግዛ። መብራት እንደሄደ ሶኬቱን ንቀል፤ በሪሞት መዝጋት መዝጋት አይደለም። ክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር የዲሹንም ገመድ ንቀል። አራተኛውን ቲቪዬን የወሰደው እሱ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ ነበር፣ መብረቁ በዲሹ ገባ።

ባትሪውን ዛሬ ማታ ሞክርና ያየኸውን ጻፍልኝ። የቲቪውን ጀርባ ላይ ያለውን ሞዴል ቁጥርም ፎቶ አንስተህ ላክ፤ ዘንጎቹን ማርቆስ ያሉ ሱቆች ጋ ልጠይቅልህ።