ስፖንጁን አውጡት፤ ታራንቱላ ገላጣ ውሃ ትፈልጋለች

ጥያቄ፦ ለልጄ ቺሊ ሮዝ የምትባል ታራንቱላ (ትልቅ ፀጉራም ሸረሪት) ገዛሁለት። ሻጩ «ሰምጣ እንዳትሞት» ብሎ የውሃ ሳህኗ ውስጥ ስፖንጅ ጨመረበት። ሳምንት ሳይሞላው መሽተት ጀመረ። ምን ዓይነት ሳህን ልግዛ? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ስፖንጁን ዛሬውኑ ይጣሉት። ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ኩስና የፌንጣ ቅሪት ይጠራቀምበታል፤ የሸተተውም ባክቴሪያ ስለተራባበት ነው። ታራንቱላ የምትጠጣው አፏን ውሃው ላይ አስጠግታ በመምጠጥ ነው። አፏ ከመርዝ ጥርሶቿ ሥር የተደበቀ ትንሽ ቀዳዳ ስለሆነ ገላጣ ውሃ ያስፈልጋታል። በስፖንጁ ምትክ የሚሸጠው ውሃ ያዘለ ጄልም አይጠቅማትም።

የመስመጥ ፍርሃቱ አያስጨንቅዎ። የምትተነፍሰው ከሆዷ ሥር ባሉ፣ እንደ መጽሐፍ ቅጠል በተደራረቡ አራት ሳንባዎች ነው። ስትጠጣ ፊቷ ቢነከርም ሳንባዎቿ ከኋላ ደረቅ ላይ ይቀራሉ። ሰምጠው ውሃውን የሚያበላሹት ለምግብ የሚሰጧት ፌንጣዎች ናቸው። መወጣጫ እንዲሆናቸው አንድ ጠጠር ያስገቡ።

እግሮቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 13 ሳንቲ ሜትር ለሚደርስ ታራንቱላ፣ ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ሳህን ይበቃል። ከቤት ዕቃ ከተመረጠ፣ አዋዜ የሚቀርብበት ትንሹ የሴራሚክ ሳህን በጣም ጥሩ ነው፤ ከባድ ስለሆነ አትገለብጠውም። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ገበታ አይመለስ። ጠርዙ ድቡልቡል ይሁን። የሆዷ ቆዳ ስስ ስለሆነ ከመኖሪያ ሣጥኗ መስታወት ላይ ወድቃ ስለታም ጠርዝ ላይ ብታርፍ ሊቀደድ ይችላል። ያልተለበጠ ሸክላ ውሃውን ስለሚመጥና ለማጽዳት ስለሚያስቸግር አንመክረውም።

ሳህኑን ከመደበቂያዋ ራቅ አድርገው አፈሩ ውስጥ በከፊል ይቅበሩት፤ ጠርዙ ግን ከአፈሩ በላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይታይ። አፈር ወይም ድር ከውሃው ጋር ከተነካካ እንደ ኩራዝ ክር እየሳበ በአንድ ሌሊት ያደርቀዋል፤ ዙሪያውንም ያረጥበዋል። ቺሊ ሮዝ ደግሞ እርጥብ አፈር አትወድም፤ መስታወቱ ላይ ተንጠልጥላ ከዋለች አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። ሳህኑን በአፈር ብትሞላው አይገረሙ፤ መቆፈር ጠባይዋ ነው። አጥበው እንደገና ይሙሉት።

ውሃው በየሁለት ሦስት ቀኑ ይቀየር። ሳህኑ በሳምንት አንዴ በሙቅ ውሃና ለእሱ ብቻ በተለየ ብሩሽ ይታጠብ፤ ሳሙና አይግባበት። ካሟለጨ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጠው ያጽዱት፤ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቀው ያድርቁት። ሲያጥቡ ጓንት ያድርጉ። ከሆዷ የምታራግፈው ፀጉር ሳህኑ ላይ ይቀራል፤ ቆዳን ያሳክካል፤ ዓይን ከገባ ደግሞ አደጋ አለው።

ጥያቄ፦ የታራንቱላዬ ሆድ ጨምድዷል፤ እግሮቿም ወደ ውስጥ እየታጠፉ ነው። እየሞተች ነው? (ከለንደን)

መልስ፦ ውሃ ጠምቷት ሊሆን ይችላልና ሳይዘገዩ ያጠጧት። ታራንቱላ እግሯን የምትዘረጋው በሰውነቷ ፈሳሽ ግፊት ነው። ፈሳሹ ሲያንስ ግፊቱ ይወርዳል፤ እግሮቿም ይታጠፋሉ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ውሃ ያለው ሳህን ያዘጋጁ። በካርቶን ቀስ ብለው አንስተው አፏ ውሃውን እንዲነካ፣ ሆዷ ግን ከሳህኑ ውጭ እንዲሆን አድርገው ያስቀምጧት፤ ለሰዓታት አይነካኳት። እርጥብ ወረቀት የተነጠፈበት፣ የታፈነና የሞቀ ዕቃ ውስጥ መክተት ግን አይበጅም። ጥማቷን የሚቆርጠው የምትጠጣው ውሃ ነው፤ የታመቀ አየር ይጎዳታል።

በጀርባዋ ከተጋደመች ግን ቆዳዋን እየቀየረች ነውና እጅዎን ይሰብስቡ። ፌንጣ ካለ በወረንጦ ያውጡ፤ ውሃው ሙሉ ይሁን፤ እሷ ላይ ግን አያፍስሱ።

ጥያቄ፦ አንድ ሳንቲ ሜትር ለምታህል ሕፃን ታራንቱላስ? (ከሲያትል)

መልስ፦ ሳህን አያስፈልጋትም። የአፈሩን ሲሶ እርጥብ ያድርጉ፤ በየጥቂት ቀኑ የመኖሪያ ዕቃዋ ግድግዳ ላይ በሲሪንጅ አንድ ሁለት ጠብታ ያኑሩላት። አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ ስትደርስ የውሃ ጠርሙስ የፕላስቲክ ክዳን ይበቃታል። የብረት ቆርኪ ይዝጋል፤ ጠርዙም ስለታም ነው።