ካራቫን ያለ መብራት መስመር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በቀደም እኔና ቤተሰቤ ዌልስ ውስጥ አንድ ገበሬ ማሳ ዳር ካራቫናችንን (በመኪና የሚጎተተውን ቤት) አቁመን፣ ከመብራት መስመር ጋር ሳንገናኝ አራት ቀን እንዳደርን ጽፌ ነበር። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ማለቴ ነው ጉዱን ያመጣው። ኤሌክትሪሺያን አይደለሁም። እንግሊዝ አገር ካራቫን መጎተት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ በነዚህ ዓመታት ሁለት ባትሪ ገድያለሁ፣ አንድ ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት ኮረንቲ የሚቀይረውን ዕቃ) አቃጥያለሁ። የማውቀውን ያወቅኩት በዚህ መንገድ ነው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ ከነጭራሹ ጀማሪ ነን። መብራት የሌለው ቦታ ሲባል ማታ በሻማ ነው?

ኧረ አይደለም። ካራቫን ሁለት ዓይነት ኮረንቲ አለው። አንዱ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ያለው 230 ቮልት ነው፤ ካምፑ ውስጥ ከቆመው ሳጥን በሰማያዊ መሰኪያ ተስቦ ይመጣል። ሁለተኛው ከባትሪ የሚመጣው 12 ቮልት ነው። አምፖሎቹ፣ የውሃ ፓምፑ፣ የጋዝ ማሞቂያው ማራገቢያ፣ የሽንት ቤቱ ውሃ፣ እነዚህ ሁሉ ድሮም የሚሠሩት በባትሪው ነው። ገመዱ ሲቀር የሚቀርባችሁ ግድግዳው ላይ ያሉት ሶኬቶች፣ ማይክሮዌቩ፣ የባትሪው ቻርጀር፣ እና ማሞቂያችሁ በመብራትም የሚሠራ ከሆነ ያ ብቻ ነው።

ለምን ትደክማለህ ያላችሁኝም አላችሁ። ትልልቆቹ የካራቫን ክለቦች ከአምስት ካራቫን በላይ የማያስተናግዱ ትናንሽ ቦታዎች አሏቸው፤ ብዙዎቹ ገበሬ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ ርካሽ ናቸው፣ ጸጥ ያሉ ናቸው። ጎረቤት ልጆቻችሁን አይቆጣም። ለኔ ይህ ብቻ ይበቃኛል።

ጥያቄ፦ ስንት ዋት ሶላር ልግዛ? (ይህን አሥራ አንድ ሰው ጠይቋል)

ሶላር አትግዙ። ማለቴ፣ መጀመሪያ አትግዙ። እኔ መጀመሪያ ፓኔል ገዛሁ፣ ቀጥሎ ኢንቨርተር ገዛሁ፣ በመጨረሻ ነው በቀን ስንት እንደምንጨርስ የቆጠርኩት፤ ያለቀው ገንዘብ ግን ተመልሶ አልመጣም።

ቆጠራው ቀላል ነው፤ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት በሚሠራበት ሰዓት አባዙት። የኛን ቤት እንውሰድ፣ አራት ነን። ስድስት ኤልኢዲ አምፖል እያንዳንዱ 3 ዋት፣ ለአራት ሰዓት፦ 72 ዋት-ሰዓት። የውሃ ፓምፑ 50 ዋት ይጎትታል፣ ግን ተደማምሮ በቀን ሃያ ደቂቃ ቢሠራ ነው፤ 17 በሉት። አራት ስልክ፣ በየቀኑ ተሞልተው፣ ወደ 70። 25 ዋት የምትወስድ ባለ12 ቮልት ቲቪ ሁለት ሰዓት፣ 50። ድምሩ 209። ብርድ ከሆነና የማሞቂያው ማራገቢያ 20 ዋት እየወሰደ ስድስት ሰዓት ከሠራ 120 ይጨመርበታል፤ 330 ገደማ ደረሰ ማለት ነው። ይህች ቁጥር በእጃችሁ ካለች ሻጭ አይጫወትባችሁም።

ጥያቄ፦ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ አለኝ። ስንት ቀን ያቆየኛል?

100 ሲባዛ በ12 ቮልት፣ 1200 ዋት-ሰዓት። ግን ቀስ በል ወንድሜ። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ከሆነ ከግማሽ በታች አታውርደው፤ ደጋግመህ ካወረድከው ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ የእውነት ያለህ 600 ነው። እንደኛ ቤተሰብ ከሆናችሁ፣ ያለ ማሞቂያ ሦስት ሌሊት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ ከማሞቂያ ጋር ግን ሁለተኛው ሌሊት ላይ ትቸገራላችሁ።

አንድ ርካሽ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ግዛና ባትሪውን ሁሉንም ዕቃ አጥፍተህ፣ ትንሽ አሳርፈህ ለካው። 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ነው። 12 ላይ ከደረሰ ቲቪውን አጥፋና ካርታ ተጫወቱ።

ጥያቄ፦ ከመኪናዬ የወጣ አሮጌ ባትሪ አለ። እሱ አይሠራም?

ይሠራል፣ ለጥቂት ሌሊት። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኮረንቲ ይተፋል፣ ከዚያ ዲናሞው ወዲያው ይሞላዋል። ቀስ እያለ ሌሊቱን ሙሉ መፍሰስን አልለመደም። የካራቫን ባትሪ ውስጡ ወፈር ያለ ነው፣ ለዚህ የተዘጋጀ ነው። የመጀመሪያውን ባትሪዬን የገደልኩት እንደዚህ ነው፤ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

ጥያቄ፦ ሊቲየም ባትሪ ያን ያህል ገንዘብ ያወጣል?

በዓመት ሁለት ጊዜ ለምትወጣ ሰው፣ አያወጣም። በየወሩ ለሚወጣ ያወጣል። ያው 100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም (ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ነው የምላችሁ) 1280 ዋት-ሰዓት ይይዛል፣ ከዚያ ውስጥ 1000 እና ከዚያም በላይ ያለ ሐሳብ መጠቀም ይቻላል። ክብደቱም ከእርሳሱ ግማሽ ገደማ ነው፤ ካራቫን ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል። በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ባዶ ይሆናል።

ሁለት ነገር ግን ዕወቁ። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን ቻርጅ ማድረግ ያበላሸዋል፤ ጥሩዎቹ ራሳቸው ይከለክላሉ፣ ርካሹ ላይከለክል ይችላል። ሌላው፣ አሮጌ ካራቫን ውስጥ ያለው ቻርጀር ለእርሳስ የተሠራ ስለሆነ በቅጡ ላይሞላው ይችላል። ካራቫኑን በሞተር የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ካላችሁ ደግሞ ባትሪው ያን ሁሉ አምፔር ባንዴ መስጠት ይችል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የኔ ወዳጅ አዲስ ሊቲየሙን አስገብቶ ካራቫኑ ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ አለበት፣ በሩ ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ የእንግሊዝ ፀሐይ ሶላር ታሠራለች እንዴ?

እንደ ወሩ ነው። ጣሪያ ላይ የተኛ 100 ዋት ፓኔል በሰኔ ደህና ቀን ከ300 ዋት-ሰዓት በላይ ይሰጣል። ቀኑ ከአሥራ ስድስት ሰዓት በላይ ነዋ። በዲሴምበር ግን ለንደን ላይ ብርሃን ያለው ስምንት ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ፀሐይዋም ከአድማስ ብዙ ከፍ አትልም፤ ያው ፓኔል ከ50 በታች ሲሰጥ አይቼ ነጭ ወረቀት የሸፈነው መስሎኝ ጣሪያ ላይ ወጥቻለሁ። ስለዚህ ለፈረንጁ በጋ ጉዞ ከ100 እስከ 150 ዋት ለቤተሰብ ይበቃል፤ ለገና ጉዞ ግን በሶላር አትመኩ።

ደግሞ እኛ ሐበሾች አንድ ችግር አለብን፣ ዛፍ ካየን ጥላ ፍለጋ እንሄዳለን። ፓኔሉ ውስጥ ያሉት ክፍሎች ተከታትለው የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ጥግ ላይ ጥላ ቢያርፍ ሌላውንም ይዞት ይወርዳል። አንዲት ቅርንጫፍ ምርቱን ከግማሽ በታች ልታደርገው ትችላለች። ካራቫኑ ፀሐይ ላይ፣ ወንበሩ ጥላ ውስጥ።

ጥያቄ፦ ፓኔሉን ቀጥታ ከባትሪው ጋር ማያያዝ ይቻላል?

አይ። ባለ12 ቮልት የሚባለው ፓኔል ሲሠራ 18 ቮልት አካባቢ ነው የሚያወጣው፤ መሐል ላይ ቻርጅ ኮንትሮለር (ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠር ዕቃ) የግድ ነው። ከፓኔሉ የሚቻለውን ያህል ኃይል የሚያወጣው፣ ኤምፒፒቲ የሚባለው ዓይነት ይሻላል፣ ደመና ለሚበዛበት አገር በተለይ። ስታገናኙ መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ ጋር፣ ከዚያ ፓኔሉን። ስትፈቱ በተቃራኒው።

ፊውዝ ደግሞ! ከባትሪው ፖዘቲቭ በቅርቡ ፊውዝ ያስገቡ። ባትሪ 12 ቮልት ስለሆነ ሰው ላይ ኮረንቲ አይዝም፣ ስለዚህ ሰው ይንቀዋል፤ ግን ሁለት ሽቦ ቢነካካ ገመዱ ቀልቶ ካራቫኑን ለማቃጠል የሚበቃ ኃይል አለው። ቀጭን ሽቦም አትጠቀሙ። ይህን የማያውቅ ሰው እጁን ሰብስቦ ባለሙያ ይጥራ፣ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ እየነዳን ባትሪው አይሞላም?

ይሞላል፣ በአሮጌ መኪና። አዳዲሶቹ መኪኖች ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ዲናሞውን ቀነስ ጨመር ያደርጉታል፣ ካራቫኑ ጋ የሚደርሰው ታዲያ የረባ አይደለም። መፍትሔው ከባትሪ ወደ ባትሪ የሚሞላ ቻርጀር ማስገጠም ነው። ከዌልስ መልስ አምስት ሰዓት ነድቼ ባትሪው ከተነሳንበት ምንም አለመጨመሩን ሳይ ነው የገባኝ።

ጥያቄ፦ ምጣዴን ይዤ ብሄድ በኢንቨርተር አይሠራልኝም? ልጆቹ ያለ እንጀራ አይሆንላቸውም።

እህቴ፣ ሳቄ መጣ፣ ግን ጥያቄሽ ትክክል ነው። አገር ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል። እንኳን ባትሪ፣ ካምፑ የሚሰጥሽ 16 አምፔር መስመር ራሱ 3680 ዋት ብቻ ነው፤ ምጣዱን ስትሰኪ ሌላ ምንም ማብራት አትችዪም። እዚህ የምንጠቀመው ትንሹም ከ1000 ዋት በላይ ነው። እንጀራሽን ቤት ጋግረሽ ጠቅልለሽ ሂጂ።

ማንቆርቆሪያውም ያው ነው። 2000 ዋት የሚለውን በ12 አካፍዪው፣ ከ160 አምፔር በላይ ከባትሪ ይጎትታል። ኢንቨርተሬን ያቃጠልኩት ሻይ ላፈላ ብዬ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት የሚያስፈልገው ኃይል ከ100 ዋት-ሰዓት ትንሽ ያልፋል፤ በቀን አምስቴ ብታፈሉ የእርሳሱ ባትሪ አለቀ። በጋዝ ላይ ግን ያው ሻይ በጥቂት ሳንቲም ይፈላል። የሚሞቅ ነገር ሁሉ፣ ካውያ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ምድጃ፣ ከባትሪ ዝርዝር ውስጥ ይውጣ። ለላፕቶፕ 300 ዋት ኢንቨርተር ይበቃል፤ ሳትጠቀሙበት አጥፉት፣ ባዶውንም ይበላል።

ጥያቄ፦ ፍሪጁስ?

ብዙ ካራቫን ውስጥ ያለው ፍሪጅ በሦስት ነገር ይሠራል፦ በ230፣ በ12 ቮልት፣ በጋዝ። በ12 ቮልት የሚሠራው መኪናው እየሄደ ብቻ ነው፣ ከ100 ዋት በላይ ስለሚወስድ። ስትቆሙ ጋዝ ላይ አድርጉት። እና ካራቫኑ ይስተካከል፤ ካዘነበለ ይህ ዓይነቱ ፍሪጅ በደንብ አይቀዘቅዝም። ለብርድ ወራት ቀዩን ሲሊንደር፣ ፕሮፔኑን ያዙ፤ ሰማያዊው ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ስለሚያቆም ጠዋት ፍሪጁም ሻዩም የለም።

ጥያቄ፦ ቡናችንንስ? ከሰል ይዘን ብንሄድ ጭሱ ይወጣል ብለን በሩን ከፍተን...

አይሆንም። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከሰል ካራቫን ውስጥም ሆነ በካራቫኑ ጎን በሚተከለው ድንኳን ውስጥ አይገባም፣ በሩ ቢከፈትም፣ «ሊጠፋ ነው» ቢባልም። የሚገድለው ጭሱ አይደለም፤ ጭሱ ይታያል፣ ያስላል፣ ያስወጣል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። ሰው ራሱን ያመው መስሎት ጋደም ይላል፣ በዚያው ይቀራል። ፍም ከሆነ በኋላም ይተፋዋል፣ አመድ ሲለብስም ይተፋዋል። ማታ ብርድ ነው ብላችሁ የምድጃውን ፍም ወደ ውስጥ ያስገባችሁ ቤተሰብ ካላችሁ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያው ርካሽ ነው፣ ግዙ፣ ባትሪውን ፈትሹ።

ቡናውን እኛ ውጪ ነው የምንቆላው፣ በጋዝ፣ ነፋስ እየከለልን። ጀበናዋም በጋዝ ትፈላለች። ፈረንጆቹ ሽታውን ተከትለው ይመጣሉ፤ ሲኒ ጨምራችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ ጀነሬተር ብገዛስ?

ጎረቤት ይጠላሃል። ብዙ ቦታም ይከለክላል።

ጥያቄ፦ እነዚያ እጀታ ያላቸው ሣጥኖች፣ ባትሪውም ኢንቨርተሩም አንድ ላይ ያለባቸው፣ ጥሩ ናቸው?

ለጀማሪ ጥሩ ናቸው፤ ሽቦ የለም፣ ስህተት የለም፣ ቤት ውስጥ መብራት ሲጠፋም ያገለግላሉ። የምታዩት ዋት-ሰዓቱን ነው እንጂ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አይደለም። ችግሩ የካራቫኑን አምፖልና ፓምፕ በራሳቸው አያበሩም፣ ስለዚህ የካራቫኑ ባትሪ አሁንም ያስፈልጋችኋል።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ካራቫን የለኝም፣ ግን መብራት ይጠፋብናል። ይህ ስሌት ለኔ ይሆናል?

ስሌቱ ያው ነው፣ ፀሐዩ ግን ላንተ ያደላል። እኔ ጋ ፓኔሉ የሚሞትበት ታኅሣሥ አንተ ጋ ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ያንተ ደካማ ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ለዋይፋይ፣ ለአምፖል፣ ለስልክና ለቲቪ ከላይ የሠራሁትን ቆጠራ ያዝ። ምጣዱን እርሳው።

ጥያቄ፦ ካራቫኑን ክረምቱን ሙሉ ስናቆመው ባትሪው ምን ይሁን?

ክረምት ስትሉ የፈረንጁን መሆኑ ገብቶኛል። ሁለተኛው ባትሪዬ የሞተው ያኔ ነው፤ ኖቬምበር ላይ ቆልፌው ሄድኩ፣ ማርች ላይ ስመለስ የሌባ ማስጠንቀቂያው ጠብ ጠብ እያደረገ ጨርሶት ነበር። የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ከከረመ አይነሳም። ስለዚህ ሞልታችሁ አቁሙት፣ ወይ ሶላሩ ይጠብቀው፣ ወይ አውጥታችሁ ቤት አስገቡትና በወር አንዴ ሙሉት። ስትፈቱ ኔጌቲቩን መጀመሪያ።